በቀን አንድ ጊዜ ወይስ አሥራ አንድ?

ብሮንክስ በኒው ዮርክ ከተማ ውስጥ ስፓኒሽ እንደ ልብ የሚነገርበት ክፍለ ከተማ ነው። ከፖርቶ ሪኮ፣ ከዶሚኒካን ሪፐብሊክና ከሜክሲኮ የመጡ፣ ወይም ከእነርሱ የተወለዱ ብዙ ሰዎች ይኖሩበታል። እ.ኤ.አ. በ2010 «ፔዲያትሪክስ» በተሰኘው የሕፃናት ሕክምና መጽሔት የወጣ አንድ ጥናት፣ የዚያ አካባቢ መድኃኒት ቤቶች በኮምፒውተር ወደ ስፓኒሽ እያስተረጎሙ በመድኃኒት ጠርሙስና ካርቶን ላይ የሚለጥፏቸውን የአወሳሰድ መመሪያዎች መረመረ። ከተመረመሩት 76 ጽሑፎች ግማሹ ስህተት ተገኘባቸው። በስፓኒሽ አፍ «ቦካ» ነው፤ አንደኛው ጽሑፍ ላይ ግን «ፖካ» ተብሎ ወጥቷል፣ ይኸውም «ጥቂት» ማለት ነው። የባሰው ግን ኮምፒውተሩ ሳይተረጉም የተወው ቃል ነው። እንግሊዝኛው «ዋንስ» ይላል፤ አንድ ጊዜ ለማለት። እነዚያው አራት የላቲን ፊደላት በስፓኒሽ «ኦንሴ» ተብለው ይነበባሉ፤ ትርጉማቸውም አሥራ አንድ ነው። ሐኪሙ በቀን አንዴ ያዘዘው ክኒን፣ ስፓኒሽ ብቻ በምታነብ እናት እጅ ሲገባ በቀን አሥራ አንድ ሆኖ ሊነበብ ይችላል።

የመድኃኒቱ ስም ግን ማንንም አላሳሳተም። አሞክሲሲሊን በእንግሊዝኛም በአማርኛም አሞክሲሲሊን ነው፤ በስፓኒሽም «አሞክሲሲሊና»። ጉዱ የመጣው አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ ከሚያውቀው ቃል ነው።

በትርጉም ሥራ ላይ ሥር የሰደደ አንድ እምነት አለ፤ ከባድ ቃል የባለሙያ፣ ቀላል ቃል የማንም የሚል። የፍርድ ቤት ውሳኔ ወይም የቀዶ ሕክምና ስምምነት ሲሆን ገንዘብ ይመደባል፣ ፊርማ ይጠየቃል። «መቼ ጀመረህ?»፣ «ምን በላህ?»፣ «በቀን ስንቴ?» የሚለው ግን ለልጅ፣ ለጎረቤት፣ ኮሪደር ላይ ለተገኘ ሠራተኛ፣ አሁን አሁን ደግሞ ለእጅ ስልክ ይተዋል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ይህን ለማየት ከእንግሊዝኛ ወደ ስፓኒሽ የሚደረገውን ትርጉም ያህል ጥሩ ማሳያ አይገኝም። ሁለቱም ባለ ብዙ ተናጋሪ ቋንቋዎች ናቸው፤ መዝገበ ቃላት ሞልቷቸዋል፣ ተርጓሚም አልጠፋባቸውም፤ አሜሪካ ውስጥ ብቻ ቤቱ ስፓኒሽ የሚናገረው ሰው ከ40 ሚሊዮን በላይ ነው። ይህ ሁሉ እያለ የሚሰናከሉት ደረቅ ሜዳ ላይ ነው።

ምክንያቱ ለመረዳት አይከብድም። የሳይንስ ቃል የተሠራው ለአንድ ነገር ነው፤ ብዙውም ከግሪክና ከላቲን ተቀድቶ ዓለምን ሳይለወጥ ዞሯል። የዕለት ቃል ግን እንደ ቤት ዕቃ ነው፤ ሁሉም ይነካዋል፣ ሁሉም ለየፊናው ይገለገልበታል፤ ሌላ ቤት ውስጥ ልኩ የሚሆን ዕቃ አይገኝም። እንግሊዝኛ ዓሣን በአንድ ቃል ይጠራል። ስፓኒሽ ግን ውኃ ውስጥ እየዋኘ ከሆነ «ፔስ»፣ ተይዞ ገበያ ወይም ሳህን ላይ ከወጣ «ፔስካዶ» ይለዋል። የክፍሉ ጥግና የመንገዱ መታጠፊያ ለእንግሊዝኛ አንድ ቃል ናቸው፤ ለስፓኒሽ ሁለት፣ ለእኛም ሁለት። ሰው ማወቅና ትምህርት ማወቅ በአማርኛም በእንግሊዝኛም በአንድ ግስ ይነገራሉ፤ ስፓኒሽ «ኮኖሴር» እና «ሳቤር» ብሎ ይለያቸዋል፤ አንዱ በሌላው ቦታ ከገባ ተናጋሪው እንግዳ መሆኑ ወዲያው ይታወቃል። በተቃራኒው ደግሞ እንግሊዝኛ በሦስት ግስ የሚከፋፍለውን አውቶቡስ መጠበቅን፣ ይሆናል ብሎ መገመትንና ተስፋ ማድረግን ስፓኒሽ «ኤስፔራር» በሚል አንድ ቃል ይጠቀልለዋል። ታሪክና ተረክም እንደዚሁ ናቸው፤ የአድዋው ድልና የጎረቤት ወሬ በእኛ አፍ ሁለቱም «ታሪክ» እንደሚባሉት ሁሉ፣ ስፓኒሽም «ኢስቶሪያ» ብሎ አንድ ያደርጋቸዋል።

አማርኛ ተናጋሪ ይህን ሁሉ ሲሰማ የባዕድ ወሬ አይመስለውም። እንግሊዝኛው ሁሉንም «ዩ» ብሎ ሲያልፍ ስፓኒሽ ማን ለማን እንደሚናገር ካላወቀ አፉን መክፈት አይችልም። ለቅርብ ሰው «ቱ» አለ፤ ለተከበረ «ኡስቴድ»፤ በአርጀንቲና እና በአብዛኛው የመካከለኛው አሜሪካ ለወዳጅ «ቮስ»። «ኡስቴድ» ራሱ «ጸጋዎ» ወይም «ቸርነትዎ» ከሚል የጥንት አክብሮት አጥሮ የመጣ ነው፤ የእኛው «እርስዎ» ከ«ራስ» እንደወጣ ሁሉ። የ70 ዓመት አዛውንት በሆስፒታል ወረቀት ላይ «ቱ» ሲባሉ የሚሰማቸውን ስሜት ለማስረዳት ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ብዙ ቃል አያስፈልግም። ደግሞ አገር አገር ይለያያል፤ በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ አካባቢ ጓደኛማቾች፣ እንዲያውም ባልና ሚስት፣ «ኡስቴድ» ሲባባሉ ይሰማል፤ ያ እዚያ መራራቅ አይደለም።

አገር ካነሣን አይቀር፣ «ስፓኒሽ» የሚለው ስም ራሱ ያታልላል። ቋንቋው በ20 ነጻ አገሮች የመንግሥት ቋንቋ ሲሆን፣ ዕለታዊ ቃላቱ ግን ድንበር በተሻገሩ ቁጥር ይቀያየራሉ። እኛ ፈንዲሻ የምንለው፣ ከቡና ጋር የሚቀርበው፣ ለሜክሲኮና ለስፔን «ፓሎሚታስ» ነው፤ ትንንሽ ርግቦች ማለት ነው። ቺሌዎች «ካብሪታስ» ይሉታል፤ ትንንሽ ፍየሎች። አርጀንቲና «ፖቾክሎ»፣ ቬኔዝዌላ «ኮቱፋስ»፣ ኢኳዶር «ካንጊል»። ኮምፒውተር በስፔን «ኦርዴናዶር»፣ በሜክሲኮ «ኮምፑታዶራ»። ለስላሳ የሚጠጣበት ስትሮም የዚያኑ ያህል ስም አለው። እ.ኤ.አ. በ1713 ማድሪድ ላይ የተመሠረተው የስፔን ንጉሣዊ የቋንቋ አካዳሚና ከእርሱ ጋር የተባበሩት የሌሎች አገሮች አካዳሚዎች በጠቅላላው 23 ናቸው፤ ዛሬ በሚያወጡት መዝገበ ቃላት የሁሉንም አገር ቃል ያሰፍራሉ እንጂ አንዱን መርጠው ሌላውን አይጥሉም። መልካም አድርገዋል። ለተርጓሚው ግን ጥያቄው ገና አልተመለሰም፦ ይህን ወረቀት የሚያነበው የየት አገር ሰው ነው?

ይህን ጉዳይ በራሳቸው ሕይወት ያዩ ኢትዮጵያውያን አሉ። ከሶማሊያው ጦርነት በኋላ፣ በደርግ ዘመን፣ በሺህ የሚቆጠሩ ልጆች ወደ ኩባ ተልከው «የወጣቶች ደሴት» በተባለው ስፍራ በስፓኒሽ ተምረዋል፤ በጦርነቱ ከኢትዮጵያ ጎን የተዋጉት ኩባውያን በአዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አጠገብ ባለው የትግላችን ሐውልት ይታወሳሉ። ከእነዚያ ተማሪዎች አንዱ አውቶቡስን በኩባ አጠራር «ጓጓ» ነው የሚለው። (በአማርኛማ ጓጓ ሌላ ነው።) ይኸው ሰው ቺሌ ሄዶ «ጓጓዬ አመለጠችኝ» ቢል ሕፃን የጠፋበት ይመስላቸዋል፤ እዚያ ቃሉ ከኬችዋ የመጣ ነው፣ ጨቅላ ልጅ ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ፈገግ ያሰኛል። የሚከተለው ግን አያሰኝም።

እ.ኤ.አ. በጥር 1980 በደቡብ ፍሎሪዳ አንድ የ18 ዓመት ወጣት ራሱን ስቶ ሆስፒታል ገባ። ቤተሰቡ ኩባዊ ነበር። ከበላው ነገር የመጣ ሕመም እንደሆነ ጠርጥረው «ኢንቶክሲካዶ» አሉ። በኩባ ሰዎች አፍ ይህ ቃል የበላው ወይም የጠጣው ነገር ያመመው ሰው ነው፤ እኛ «ምግብ መረዘው» እንደምንለው ያለ። በእንግሊዝኛ ደግሞ አምሳያው ቃል የሰከረ ወይም በአደንዛዥ ዕፅ የናወዘ ማለት ነው። ሐኪሞቹ ልጁ ዕፅ ከመጠን በላይ ወስዷል ብለው በዚያው መንገድ አከሙት። አንጎሉ ውስጥ ደም እየፈሰሰ እንደነበር የታወቀው ዘግይቶ ነው፤ እጅና እግሩ ሽባ ሆኖ ቀረ። በኋላ የተደረሰው የካሣ ስምምነት በዕድሜው ዘመን ሁሉ ሲሰላ 71 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ይሆናል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የሚከብደው አስተርጓሚ አለመጠራቱ ነው፤ ያልተጠራውም ስለተነፈገ ሳይሆን ማንም እንደሚያስፈልግ ስላልገመተ ነው። ሐኪሙም የገባው መሰለው፤ ቤተሰቡም ያስረዳ መሰለው። ከባድ ቃል ቢሆን ኖሮ አንዱ «ምን ማለት ነው?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። የሚመሳሰሉ ቃላት ጥያቄ ያፍናሉ። የቋንቋ ሰዎች እንዲህ ያሉትን «ሐሰተኛ ወዳጆች» ይሏቸዋል፤ ስፓኒሽ ከላቲን ስለተወለደ፣ እንግሊዝኛም ከላቲን ብዙ ስለወሰደ በመካከላቸው በብዛት ይገኛሉ። «ኤምባራሳዳ» ለእንግሊዝኛ ጆሮ ያፈረች ሴት ትመስላለች፤ ነፍሰ ጡር ናት። «ኮንስቲፓዶ» በስፔን ጉንፋን የያዘው ሰው ነው፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪው ግን ሆድ ድርቀት ብሎ ይሰማዋል። ሁለቱም ሐኪም ዘንድ የሚነገሩ ቃላት መሆናቸው ክፉ አጋጣሚ ነው።

እርግጥ ስለ ትርጉም ስህተት የሚወራው ሁሉ እውነት አይደለም። የሸቭሮሌ ኩባንያ «ኖቫ» የምትባል መኪናውን ላቲን አሜሪካ ወስዶ፣ ስሟ በስፓኒሽ «አትሄድም» ማለት ስለሆነ ማንም ሳይገዛት ቀረች የሚለው ተረት በንግድ ትምህርት ቤቶች ሳይቀር ለዓመታት ተነግሯል። መኪናዋ በሜክሲኮም በቬኔዝዌላም ደህና ተሽጣለች። የሜክሲኮ መንግሥት የነዳጅ ኩባንያ ራሱ «ኖቫ» የሚባል ቤንዚን ይሸጥ ነበር። ስፓኒሽ ተናጋሪ አንዱን ቃል «ኖቫ»ን ከሁለቱ ቃላት «ኖ ቫ» በድምፅ አጣጣሉ ይለያል፤ የእኛ ሰው የገናን በዓል ላልቶ ከሚነበበው «ገና» ጋር እንደማያምታታው። እንዲህ ያለው ተረት ጉዳት አለው፤ የትርጉም ችግር የማስታወቂያ ሠራተኞች ቀልድ እንዲመስል ያደርጋል፤ የመድኃኒት ቤቱን ጠርሙስ ያስረሳል።

ከቃል አልፎ የአነጋገር አጣጣል ሲመጣ ጉዳዩ ይጠልቃል፤ አማርኛም ከስፓኒሽ ጋር ያልታሰበ ዝምድና ይዞ ብቅ ይላል። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ብርጭቆ ከእጁ ቢያመልጠው «ብርጭቆውን ጣልኩት» ይላል። ስፓኒሽ ተናጋሪ «ሴ ሜ ካዮ» ይላል፤ አማርኛችን ይህን ቃል በቃል አስቀምጦታል፦ «ወደቀብኝ»። ጠፋብኝ፣ ተሰበረብኝ፣ አረረብኝ። ድርጊቱ የራሱ ነው፤ እኔ የደረሰብኝ ነኝ። ሳህን የሰበረ ልጅ ሁሉ ይህችን «ብኝ» ከእናቱ ቁጣ ለማምለጥ ሲጠቀምባት አድጓል፤ እናትየውም ውሸታም አትለውም፣ ሆን ብሎ አለማድረጉን ነው የነገራት። ኬትሊን ፎሲና ሌራ ቦሮዲትስኪ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት እንግሊዝኛና ስፓኒሽ ተናጋሪዎችን አጫጭር ቪዲዮ አሳይተው ነበር። ሆን ተብሎ የተደረገውን ማን እንዳደረገው ሁለቱም ወገን እኩል አስታወሱ፤ በድንገት የሆነውን ግን እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ ይበልጥ አስታወሱ። ይህ ቤተ ሙከራ ውስጥ የሚቀር ነገር አይደለም። የአሜሪካ ፖሊስ ምርመራዎችን ያጠኑት የቋንቋ ምሁር ሉና ፊሊፖቪች ያሳዩት፣ ተጠርጣሪ በስፓኒሽ «ወደቀችብኝ» የሚል ቃል ሲሰጥ በእንግሊዝኛ «ጣልኳት» ሆኖ ሊመዘገብ እንደሚችል ነው። በድንገትና ሆን ብሎ በማድረግ መካከል ያለው ርቀት ደግሞ ብዙ ዓመት እስራት ነው። ይህን ለመተርጎም የሚያስፈልገው የሕግ መዝገበ ቃላት አይደለም፤ «ብኝ» ምን እንደምትሠራ የሚያውቅ ጆሮ ነው።

አንድ የቅርብ ምሳሌ ደግሞ ብዙ ሐበሻ ከሚኖርበት ከቨርጂኒያ። እ.ኤ.አ. በጥር 2021፣ የኮቪድ ክትባት መሰጠት በጀመረበት ሰሞን፣ የግዛቲቱ የጤና መሥሪያ ቤት በድረ ገጹ ላይ ክትባቱ ግዴታ እንደማይሆን በእንግሊዝኛ ጻፈ። የስፓኒሹ ገጽ የሚሠራው በጉግል ትርጉም ነበር፤ እርሱም ክትባቱ «አስፈላጊ አይሆንም» ብሎ አወጣው። ማንም አያስገድድህም ያለው ዓረፍተ ነገር መከተብ አያስፈልግህም ሆነ። ስህተቱ የሰዋስው አይደለም፤ ማሽኑ ከሁለት ትክክለኛ ትርጉሞች የማይሆነውን ነው የመረጠው። ሰው ቢያነበው ኖሮ በግማሽ ደቂቃ የሚታረም ነበር።

ማሽኖቹ አልተሻሻሉም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ሌላ ጥናት ከድንገተኛ ሕክምና ሲወጡ ለሕመምተኞች የሚነገሩ የተለመዱ መመሪያዎችን በጉግል አስተርጉሞ አስመዝኖ ነበር። ስፓኒሹ 94 ከመቶ ትርጉሙን ጠብቆ ተገኘ። ፋርስኛው ግን 67.5፣ አርመንኛው 55 ከመቶ ብቻ። አማርኛ ከተመዘኑት ሰባት ቋንቋዎች ውስጥ አልነበረም፤ በኢንተርኔት ላይ ካለው ጽሑፍ ብዛት አንጻር ግን ከየትኛው ጎን እንደሚሰለፍ መገመት አያዳግትም። ስልክ አውጥቶ የሚያስተረጉም ነርስ ስፓኒሹ ላይ ያገኘውን ምቾት ይዞ ወደ አማርኛው ይሻገራል፤ እዚያ ግን ምቾቱ መሠረት የለውም።

ከማሽኑ በፊት የነበረው አስተርጓሚ ደግሞ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በዚያው በ«ፔዲያትሪክስ» የወጣ የግሌን ፍሎሬስና የባልደረቦቻቸው ጥናት በስፓኒሽ አስተርጓሚ የተካሄዱ 13 የሕክምና ቀጠሮዎችን ድምፅ ቀድቶ አዳመጠ። 396 ስህተቶች ተቆጠሩ፤ በአንድ ቀጠሮ 31 ገደማ። ከአሥር ስድስቱ የሕክምናውን ውጤት ሊያበላሹ የሚችሉ ነበሩ። ፊት ላይ ብቻ እንዲቀባ የታዘዘ ቅባት መላ ሰውነት ላይ እንዲቀባ ተነግሯል። በአንዱ ቀጠሮ አስተርጓሚው የ11 ዓመት ልጅ ነበር። ልጅ ሁለቱንም ቋንቋ አቀላጥፎ ይናገር ይሆናል፤ እናቱ ስለ ማሕፀኗ የምትለውን ወይም አባቱ ስለ መጠጥ የሚጠየቀውን ግን ሳይሸማቀቅ ሊያደርስ አይችልም፣ ሊጠየቅም አይገባም። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት በጤናው ሕግ ሥር እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ደንብ፣ ከድንገተኛ አደጋ በቀር፣ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ እንዲያስተረጉም ማድረግን ከልክሏል። ብዙ የእኛ ቤተሰቦች ይህን አያውቁም፤ ቢያውቁም «ልጄ እያለ ምን በወጣኝ» ይላሉ። ይሉኝታው ይገባል፣ ውጤቱ ግን አያምርም።

ነገሩ ወደ አማርኛ የሚዞረው እዚህ ጋ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው የቋንቋ ሕግ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ከሚያገለግለው ሕዝብ 3 ከመቶው ወይም 500 ሰው፣ ከሁለቱ ያነሰው፣ የሚናገረው ቋንቋ ከሆነ ዋና ዋና ሰነዶቹን በዚያ ቋንቋ እንዲያቀርብ ያዛል። በዚህ መሠረት አማርኛ ከስፓኒሽ፣ ከቻይንኛ፣ ከቬትናምኛ፣ ከኮሪያኛና ከፈረንሳይኛ ጋር ተሰልፏል። በፌዴራል ደረጃ አየሩ ተለውጧል፤ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ እንግሊዝኛን የአገሪቱ ይፋዊ ቋንቋ ያደረገ ትእዛዝ ሲፈርሙ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ የነበረውን የቋንቋ አገልግሎት ትእዛዝ ሽረዋል። የከተማዋ ሕግ ግን የከተማዋ ነው። እንግዲህ ለአማርኛ ተናጋሪው መከራከሪያው መሆን ያለበት «በአማርኛ ይጻፍልን» ብቻ አይደለም፤ የተጻፈውን ማን አነበበው የሚለው ነው።

መፍትሔውም ሩቅ አይደለም፤ ያሳዩት ራሳቸው ብዙ ስፓኒሽ ተናጋሪ ያለባቸው ግዛቶች ናቸው። የካሊፎርኒያ የመድኃኒት ቤቶች ቦርድ የተለመዱትን የአወሳሰድ መመሪያዎች በግልጽ እንግሊዝኛ ጽፎ፣ ስፓኒሽን ጨምሮ በአምስት ቋንቋዎች አስተርጉሞ ለመድኃኒት ቤቶች አቅርቧል። ኒው ዮርክም ትልልቆቹ መድኃኒት ቤቶች የተተረጎመ ጽሑፍና አስተርጓሚ እንዲያቀርቡ በሕግ አስገድዳለች። ጥበቡ ቀላል ነው፤ መድኃኒት ላይ የሚጻፉት ዓረፍተ ነገሮች ጥቂት ስለሆኑ አንዴ በሰው ተሠርተው፣ በሌላ ሰው ተነብበው ይቀመጣሉ፤ ኮምፒውተሩ የሚያደርገው ማተም ብቻ ነው። ለአማርኛ እንዲህ ያለ ዝርዝር ለማዘጋጀት በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ያሉት ኢትዮጵያውያን ፋርማሲስቶች ብቻ በቂ ናቸው።

ዝርዝሩ ግን የስፓኒሹ ግልባጭ ሊሆን አይችልም። «በ8 ሰዓት ይውሰዱ» የሚለው የጠዋት መመሪያ እንዳለ ወደ አማርኛ ቢገባ፣ በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ከምሳ በኋላ ይሆናል፤ በትክክል ሲተረጎም ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። ሰዓቱን ትቶ «ከቁርስ በኋላ» ማለት የተሻለ ይመስላል፤ በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት እህል የማይቀምሱት እናት ግን ያን ክኒን ከቀትር በኋላ ይውጡታል፣ ወይም ጭራሽ ይተዉታል። ለእርሳቸው ምን ተብሎ እንደሚጻፍ ሐኪሙ ብቻውን አይወስነውም፤ ተርጓሚው ብቻውንም አይወስነውም። ሁለቱ አብረው ተቀምጠው፣ እርሳቸውንም ጠይቀው መጻፍ ይኖርባቸዋል።